የኢንጂነር ሀብተማርያም የዊንዶውስ ቅርጫ

ሐበሻ በተሰበሰበበት ሰፈር ሁሉ የተጠራለትን ዋጋ ከፍሎ የማያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም። ለእኛ ለጅዳ ሩዋይስ ነዋሪዎች የደረሱን ክቡር ኢንጂነር ሀብተማርያም ናቸው። ድልድይ የሚሠሩት ለእንጀራቸው ነው፤ ዋናው ሙያቸው ክርክር ነው። "መጀመሪያ የሚጠራ ዋጋ ሰላምታ ነው" ይላሉ፣ "ለሰላምታ ደግሞ አይከፈልም።"

ፋርማሲ ገብተው የራስ ምታት ክኒን ሲያስቀንሱ በዓይኔ አይቻለሁ። ፀጉር አስተካካያቸውን "መሐሉ ላይ እንደሆነ የለኝም፤ የዳር ዳሩን ብቻ አስብ" ብለው ረትተውታል። ትልቁ መሣሪያቸው ግን መውጣት ነው። "ኸላስ፣ በቃ፣ ሄድኩ!" ብለው ጀርባቸውን ይሰጣሉ፤ በሩ ጋ ሲደርሱ የጫማቸውን ክር ለማሰር ጎንበስ ይላሉ፤ ነጋዴው ይጠራቸዋል። ከእሳቸው ጋር ገበያ መውጣት ያሳፍራል። ትተውኝ ከሄዱ ግን እቀየማለሁ።

እንደ ፈረንጆቹ በ2013 ማለቂያ ላይ፣ ሳዑዲ ወረቀት ለሌላቸው የሰጠችው የምሕረት ጊዜ አልቆ የጀዋዛት፣ የኢሚግሬሽን ፖሊሶቹ፣ ፍተሻ በተጀመረ ሰሞን፣ ሐበሻው ሁሉ የሚያወራው ስለ ኢቃማ፣ ስለ መኖሪያ ፈቃዱ፣ ነበር። በዚያው ሰሞን የቤቴ ኮምፒውተር ስክሪኑ ጠቆረና "ይህ ዊንዶውስ ሕጋዊ አይደለም" የሚል ጽሑፍ አወጣ። ኢንጂነር መጥተው አዩት።

"በለኛ! ይኼም ኢቃማ የለውም?" አሉ። የእሳቸውም እንደዚሁ ጠቁሮ ነበር። ጠይቀው፣ አጣርተው ሲመለሱ ፊታቸው በርቷል። "አንዱ ፈቃድ ለሦስት ኮምፒውተር ይሆናል! ቅርጫ ነዋ! አንድ በሬ ለሦስት ቤት!"

ሦስተኛዋ ባለ መደብ ሲቲ ነበረች። ሲቲ ድሮ ጎረቤታችን ቤት ትሠራ የነበረች የወሎ ልጅ ናት፤ በኋላ ባሏን ዐብዱን ተከትላ መካ፣ ሩሰይፋ ገባች። ደሴ ያለችውን ልጇን ሀምዲያን በስክሪን የምታይበት አሮጌ ላፕቶፕ አላት፤ እሱም ጠቁሮባታል። በሬ ቢሆን ከሲቲ ጋር ቅርጫ አንገባም ነበር፤ እነሱ የእነሱን፣ እኛም የእኛን ነው። ይኼኛው ግን አይታረድም፣ አይባረክም። ኢንጂነር "እስላምና ክርስቲያን ባንድ ላይ የሚቃረጡት በሬ አገኘሁ!" እያሉ ሳሎኔን ሁለት ጊዜ ዞሩት።

ችግሩ ርካሹ ሱቅ ያለው መካ መሆኑ ነው። መካ ክርስቲያን አይገባም። "እኔ ባልገባ ድምፄ ይገባል!" አሉና ለሲቲ ደወሉ።

"ወላሂ ጋሼ፣ ሱቁ እኮ ከደረጃችን ሥር ነው" አለች ሲቲ። "ሁለት እርምጃ ብቻ ወጥቼ እገዛዋለሁ።"

መንገድ መውጣት ትፈራለች። ኢቃማዋ ያለው በድሮ አሠሪዋ፣ በጅዳው ከፊሏ፣ ስም ነው፤ የምትሠራው ደግሞ መካ፣ ሌላ ማዳም ቤት። በዚያ ሰሞን ይህ ብቻውን ለመጠረዝ ይበቃል። እሷ ከተጠረዘች የሀምዲያ ትምህርትም ያበቃል።

ከሰዓት በኋላ ሲቲ ስልኳን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች፤ ኢንጂነርም በስፒከር ክርክሩን ጀመሩ። ባለሱቁን በአላህ ለመኑት፣ በልጆቹ ለመኑት፣ ስለ ዕቃው እርጅና ገለጻ አደረጉለት። ባለሱቁ "አኽር ከላም! የመጨረሻ ቃሌ ነው!" ብሎ ነገሩን ዘጋ። ኢንጂነር ከመቀመጫቸው ተነሡ። በክርክር ከጋሉ ሌላው ሁሉ ይጠፋባቸዋል።

"ሲቲ፣ ኸላስ በይውና ውጪ! ቀስ ብለሽ ውጪ፣ ይጠራሻል!"

እኔም ጨዋታው ጥሞኝ "ውጪ! ውጪ!" አልኩ። በሩ ሲከፈት ተሰማን፤ የመኪና ጥሩምባ ተከተለ። ባለሱቁ አልተጣራም።

"ትንሽ ራመድ በይ! አሁን ይጠራሻል!"

የሲቲ ድምፅ አነሰ። "ጋሼ... ጀዋዛት። መኪናቸው ማዞሪያው ላይ ቆሟል። ሰው እየጫኑ ነው።"

ኢንጂነር አመድ መሰሉ። ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው እንዲህ ሲጮኹ በሕይወቴ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው፦ "ተመለሽ! ግቢ! ባለው ዋጋ ግዢው! ጨምሪ ካለሽም ጨምሪለት! ብቻ ግቢ!"

በሩ ተዘጋ። ባለሱቁ ዕቃውን አቀበላት፤ ወንበርም ሲጎተትላት ሰማን። ሲቲ የፈቃዱን ቁልፍ ፊደል በፊደል አነበበችልን፤ እኔም እየሰማሁ ጻፍኩ። ኮምፒውተሩ ትንሽ አሰበና ተቀበለው። ጥቁረቱ ለቀቀ! እልል ልል አፌን ስከፍት ኢንጂነር በመዳፋቸው ከደኑኝ።

"ሲቲዬ፣ መኪናው አለ?"

"አለ ጋሼ። በሩ ፊት ለፊት መጥቷል።"

"እንግዲያው ምንም አልተሰማኝም። ከመጀመሪያው አንብቢልኝ።"

አነበበች። "ከቢ ቀጥሎ ያለውን አልያዝኩትም" አሏት። ደገመች። "ስምንት ነው ሦስት? ባለሱቁ ራሱ ያንብብልኝ እስቲ" አሉ። ባለሱቁም ነገሩ እሷን ሱቁ ውስጥ ማቆየት መሆኑ ገብቶታል መሰለኝ ረጋ ብሎ፣ እየተሳሳተና እያረመ አነበበላቸው።

ሚስድ ኮል እንጂ ደውለው የማያውቁት ሰው የስልካቸው ሂሳብ ሲነድ ግድም አልሰጣቸው። ኮምፒውተሬ ሕጋዊ ሆኖ ፊታቸው ላይ እያበራ፣ ላባቸው በአገጫቸው እየተንጠባጠበ፣ ሲቲ "ሄዱ ጋሼ፣ አልሐምዱሊላህ" እስክትላቸው ድረስ አንድ ፊደል አልሰማም አሉ።