የድንቹ ምስክር

ማክሰኞ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ አትክልት ተራ፣ ከአንድ ጆንያ ድንች ውስጥ የአፈር መቶ እግር ወጣ።

ዕቃ በዓይኑ ብቻ አይቶ የየት አገር እንደሆነ የሚነግራችሁ ነጋዴ አጋጥሟችሁ ያውቃል? ጋሼ ከድር እንደዚያ ናቸው። አብነት ላይ ቺፕስ የሚጠብሱት እትዬ አስካለ ግን «ይሄ የሻሸመኔ ድንች አይደለም» ብለው ሊሄዱ ነበር።

«ምስክሩ ራሱ መጣልዎት!» አሉ ጋሼ ከድር፣ መቶ እግሩን በካርቶን አንስተው። «ኦሪጅናል ሻሸመኔ! አረማመዱን አያዩም?»

ሳይንስ እንዲህ ያለውን ሲመድብ እግር ሳይቀር ይቆጥራል፤ አጠገባቸው የቆምኩት እኔም ቆጠርኩ።

«ስንት ሆነ?» አሉኝ ጋሼ ከድር።

«ሃምሳ አንድ ጥንድ።»

«አላልኩም? የሆለታው ከአርባ አያልፍም!»

እትዬ አስካለ ሁለት ጆንያ ገዝተው ሄዱ። ሦስት ሰዓት ላይ ከጋሼ ከድር በርጩማ ሥር ካለው አፈር ሌሎች ሦስት የአፈር መቶ እግሮች ወጡ። የሦስቱም እግር ሃምሳ አንድ ጥንድ ነው።