ጥራጥሬ ፋይል ውስጥ የገባ አገር

ሁሉ ነገር የተበላሸው አንድ ማክሰኞ ቀን ነው። ያውም ከምሳ በኋላ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ዓይኑ ከደን ከደን በሚልበት ሰዓት። ሰው መከራውን ሲያወራ ነጎድጓድ ቢጨምርበት ይወዳል፤ የእኔ ግን ነጎድጓድ የለውም። አንድ ሰው አንድ ወረቀት አንድ ፋይል ውስጥ አስገባ። በቃ።

እናንተም እንዲህ ያለ ማክሰኞ አይጠፋችሁም። የሰው ሕይወት በጦርነትና በአብዮት ብቻ የሚገለበጥ ይመስለናል እንጂ፣ ብዙዎቻችንን የገለበጠን መዝገብ ቤት ነው።

ከዩኒቨርሲቲ በታሪክ ተመርቄ የተመደብሁት ባህልና እርሻ በአንድ ኮሪደር ፊት ለፊት በሚተያዩበት የአውራጃ መሥሪያ ቤት ነበር። እኔ በባህሉ በኩል ሆኜ የጥንት ድንጋይ እመዘግባለሁ፤ ከማዶ ያሉት ኩንታል ይመዘግባሉ። ለሁለታችንም ደብዳቤ የሚያከፋፍለው ጓደኛዬ አስናቀ ነው፤ ድቁና ተቀብሎ፣ ቅኔ ቤት ቆይቶ የመጣ፣ ጨዋታ አዋቂ ልጅ። አንድ ቀን ከአዲስ አበባ ስለ እኔ ደብዳቤ መጣ። የጻፉት ሹም የድሮ አማርኛ የሚወዱ ሽማግሌ ስለነበሩ «ግብፅ» ማለት ቀለለባቸውና «ለጥንታዊ ቅርስ አጠባበቅ ትምህርት ወደ ምስር እንዲላክ» አሉ። አስናቀም ደብዳቤውን እርሻ ክፍል፣ ጥራጥሬ ፋይል ውስጥ፣ ከሽንብራና ከባቄላው መሃል አስቀመጠው።

ከአራት ወር በኋላ ተገኘ።

«በሞቴ ይቅር በለኝ» አለኝ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ፤ «ምስር ሲል እኮ ወጥ የሚሠራበት መስሎኝ ነው!»

ቢሮው በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅሁ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ያ ሳቄ ነው።

አዲስ አበባ ደውሎ ያጣራልኝም ራሱ አስናቀ ነበር። «ጊዜው አልፏል አሉ» አለኝ። በወሩ እኔ መንገድ ወደማይደርስበት ወረዳ ተዛወርሁ። ከዓመት በላይ ቆይቶ አስናቀ ካይሮ መግባቱን ሰማሁ፤ ከዚያ በስደተኝነት ወደ አሜሪካ፣ ዴንቨር አለፈ። እኔ ዲቪ ደርሶኝ ስመጣ ኤርፖርት የተቀበለኝ እሱ ነው። «በሌላ ዓመት ሌላ ዕድል መጣና ወሰድኩት» አለኝ፤ አመንሁት። ልጄ ናሆም ሲወለድም የክርስትና አባት እንዲሆንልኝ ለመንሁት። አበልጅ ሆንን። በአበልጅ ላይ ቂም አይያዝም፤ ስለዚህ እኔም አልያዝሁም። ማለት፣ በግልጽ አልያዝሁም።

ዳውንታውን ዴንቨር በምሠራበት የመኪና ማቆሚያ ፈረቃ የሚቀበሉኝ ጋሽ ሃብቶም የሚባሉ ኤርትራዊ አሉ። አንድ ቀን ይህን ታሪክ ለማሳቅ ብዬ ነገርኋቸው። አልሳቁም።

«ስማ» አሉኝ፤ «እኔ አማርኛን አስመራ በአለንጋ የተማርኩት እንኳ ምስር ግብፅ መሆኑን አውቃለሁ። ያንተ ዲያቆን ነው ክክ የመሰለው?»

«ስህተት ነው ጋሽ ሃብቶም፤ ሰው ይሳሳታል።»

«ይሁንልህ» አሉና ጃኬታቸውን ሰቀሉ።

በዚያው ዓመት ለእህቴ ልጅ ሠርግ አዲስ አበባ ስሄድ ቲኬቴ ካይሮ ላይ ከጠዋት እስከ ማታ የሚያስቆም ሆነ። ታክሲ የሚነዳው አስናቀ ነውና ከምኖርበት ከኦሮራ ሰፈር እስከ ኤርፖርት አደረሰኝ። ሻንጣዬን እያወረደ «ካይሮ ከኤርፖርት እንዳትወጣ» አለኝ፤ «ሁሉም ሌባ ነው፤ ሙቀቱም አይጣል ነው። እዚያው ጋደም በል።» ለእኔ ማሰቡ ደስ አለኝ።

ወጣሁ። የታክሲው ሾፌር ገና በሩን ሳልዘጋ «ዌልካም ቱ ማስር!» አለኝ። አገሩ ሙሉ ራሱን ምስር ብሎ ነው የሚጠራው፤ ሻይ ሻጩም፣ ፖሊሱም። ከወጥ ጋር ያምታታው አንድም ሰው አላጋጠመኝም።

ቱሪስት የጠፋበት ጊዜ ነበርና ፒራሚዶቹ ጋ ግመሉ ከጎብኚው ይበዛል። አንዱ ባለግመል «ሱዳን?» አለኝ። «ሐበሻ» አልሁት። «ሐበሻ! ውኃችንን የት አደረሳችሁት?» ብሎ ጮኸብኝ። እኔ በሕይወቴ የገደብሁት ነገር ቢኖር ሳይከፍል የሚወጣ መኪና ብቻ ነው ልለው አስቤ ተውሁት።

ተማሪ ሳለሁ የእነዚያን ድንጋዮች ነገር በቃሌ አወርደው ነበር፤ የትኛው ከየት ተፈልጦ እንደመጣ፣ በምን እንደተጎተተ። አሁን እጄን አሳረፍሁባቸውና ምንም አልመጣልኝም። የመጣልኝ ዕድሜዬ ነው። በሃያ ስምንት ዓመት የሚነካ ፒራሚድና በሃምሳ አራት ዓመት ጉልበት የሚነካ ፒራሚድ አንድ አይደሉም። ድንጋዩ ያው ነው። ጥላው ሥር ተቀምጬ ትንሽ አለቀስሁ፤ ባለግመሉ አሸዋ ዓይኔ የገባ መስሎት ውኃ ሰጠኝ። ያንኑ ውኃ።

ከቀትር በኋላ ከተማ ገባሁ። ዴንቨር ላይ መኪና ማስቆም እንጀራዬ የሆነ ሰው ካይሮ መሃል አንዱንም ማስቆም አቅቶኝ ሩብ ሰዓት ዳር ቆምሁ። በመጨረሻ ዘንቢል የያዙ አንዲት እናት ክንዴን ጨብጠው፣ መኪናውን ሁሉ እየተራገሙ አሻገሩኝ።

የሄድሁት ወደ ትምህርት ቤቱ ነው። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ ከዚያ ደብዳቤ ላይ ካነበብሁት ጀምሮ ግን አንድ ቀን አልረሳሁትም። ደጃፉን አይቼ ልመለስ ነበር። መነጽር ያደረጉ አሮጊት ጠባቂ አዘኑልኝ መሰለኝ አስገቡኝ። በኮሪደሩ ግድግዳ ላይ የየዓመቱ ተማሪዎች ፎቶ ተደርድሯል፤ ከሥሩ ስማቸው በታይፕ ተጽፏል። የእኔን ዓመት ፈለግሁ፤ ሊሆን የነበረውን ዓመቴን።

ሁለተኛው ረድፍ ላይ አስናቀ ቆሟል። ወጣት ነው፤ ይስቃል። ከሥሩ የተጻፈው ስም ከነአባቴ፣ ከነአያቴ የእኔ ነው። በእኔ ደብዳቤ ገብቷል፤ ቀድሞ በእኔ ስም የተዘጋጀውን ዝርዝር ያስተካከለ ሰው የለም ማለት ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ካይሮ ተሰቅዬ ኖሬአለሁ፤ የሌላ ሰው ፊት ለብሼ።

«ይህ የእኔ ስም ነው» አልኋቸው አሮጊቷን በእንግሊዝኛ።

መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ፎቶውን አዩ፤ እኔን አዩ፤ እንደገና ፎቶውን አዩ።

«በጣም ተለውጠሃል» አሉኝ።

«አዎ» አልኋቸው፤ «በጣም ተለውጫለሁ።»

ሠርጉ ላይ ጨፈርሁ። ምን ላድርግ? ስመለስ አስናቀ ኤርፖርት ጠበቀኝ፤ ፒዮሪያ ስትሪት ላይ ቀይ መብራት ሲይዘን ስልኬን አውጥቼ ፎቶውን አሳየሁት። አየው። ስሙንም አነበበው፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፤ ከኋላችን ያለው መኪና ጥሩምባውን ለቀቀው።

«ያኔ ጸጉር ነበረኝ» አለና ነዳው።

ቤቴ በር ላይ ሻንጣዬን አውርዶልኝ ሄደ። ናሆም በሚቀጥለው ወር ሃይስኩል ይጨርሳል። «ዳድ፣ ስፒች የሚያደርገው ጋሼ አስናቀ ነው፣ ኦኬ?» ብሎኛል። ምን ልበለው?

አስናቀ፣ የአማርኛ ጽሑፍ የትም ቢወድቅ አንስተህ እንደምታነብ አውቃለሁና ይህ እጅህ ይገባል። ትምህርቱን መልስልኝ አልልም፤ ዕድሜዬንም አልልም። የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው። መጀመሪያ በእውነት ተሳስተህ፣ ክፉው ሐሳብ የመጣልህ ደብዳቤው ሲገኝ ነው? ወይስ ገና ያን ማክሰኞ ወረቀቱን ስታስገባ ታውቅ ነበር? ሁለቱ ይለያያሉ። አንደኛውን ይቅር ልል እችላለሁ። ቆመህ ልጄን ከመመረቅህ በፊት፣ የትኛው እንደሆነ ንገረኝ።