ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ የተቀመሰ ወጥ

ድስት ውስጥ ከሚገባው ነገር ሁሉ የማይታየው ጨው ብቻ ነው። በርበሬው ካነሰ ቀለሙ ይናገራል። ሽንኩርቱ በደንብ ካልተቁላላ ሽታው ይናገራል። ዘይቱ ከበዛ እላይ ተንሳፍፎ ያሳጣችኋል። ጨው ግን ገብቶ ይሟሟል፣ ድምፁን አጥፍቶ ይቀመጣል፣ ያለበትም የሌለበትም ወጥ አንድ ይመስላሉ። እሱን የሚያውቀው ምላስ ነው። እንግዲህ በጾም ቀን ምላስ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተቆልፎ እየዋለ፣ ለሠላሳ ሰው ወጥ የምትሠራ ሴት ምን ታድርግ?

በእኛ ሰፈር፣ እዚሁ ደብረ ብርሃን፣ ሁሉም የየራሱ ዘዴ አለው። አንዷ ጠብታ መዳፏ ላይ አድርጋ በምላሷ ጫፍ ነካ ታደርግና ትተፋለች፤ ይህ ጾም ያስገድፋል አያስገድፍም በሚል ሁለት እህትማማቾች ክረምቱን ሙሉ ተኳርፈው ከርመዋል። ሌላዋ ጨው ስትጨምር ዐይኗን ትጨፍናለች፤ ለምን እንደምትጨፍን እሷም አታውቅም። የቀሩት ቆንጥረው፣ አማትበው ይበትናሉ። ከዚያ በኋላ ያለው የእነሱ ሥራ አይደለም።

እኔ ግን ሌላ ዘዴ ነበረኝ። አሁን የማያውቀው ሰው ስለሌለ መደበቁ ምን ያደርግልኛል፣ ልንገራችሁ።

ጨጓራ አለብኝ። ሐኪሙ ክኒን ሰጥቶኝ በባዶ ሆድሽ እንዳትውጪ አለኝ። የነፍስ አባቴም ይህን ሰምተው፣ ጠዋት ጠዋት ትንሽ ነገር ቅመሺ፣ እግዚአብሔር ሆድሽን ያውቀዋል አሉኝ። እግዚአብሔር ማወቁ አላሳሰበኝም። ያሳሰበኝ ጎረቤት ማወቁ ነው። እኔ በማኅበራችን ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ውኃ እንኳ በአፏ የማይዞር ተብዬ የተመሰገንኩ ሴት ነኝ፤ ምስጋናውንም በአብዛኛው ያሰራጨሁት እኔው ነኝ። በዚያ ላይ የፊት ለፊት ጎረቤቴ አልማዝ፣ ስኳር ያለባት፣ ረፋድ ላይ ቁራሽ እንጀራ ስትጎርስ በመስኮት አይቼ ላየውም ላላየውም አውርቻለሁ። እንዲህ ያወራች ሴት እንዴት አድርጋ «እኔም እኮ እበላለሁ» ትላለች? ስለዚህ በየጠዋቱ በሬን ዘግቼ በሶ በጥብጬ እጠጣ፣ አንዴ ከገደፍኩ ወዲያም የወጤን ጨው ተደብቄ እቀምስ ነበር። ቀላል ምግብ ከተባለ እንደ በሶ የቀለለ የለም። እሳት አይፈልግ፣ ጭስ የለው፣ ሽታ የለው፣ ሲጠጣ እንኳ ድምፅ የለው። መጀመሪያ ገብስ ቆልቶ ፈጭቶ በውኃ የበጠበጠው ሰው አንድ የሚደብቀው ነገር ሳይኖረው አይቀርም።

ወደ ነገሬ ልግባ። አጥር የምንጋራት ሰላም የምትባል ልጅ አለች። ካገባች ሁለተኛ ዓመቷ ነው። ባሏ ፋብሪካ ይሠራል፣ እሷ ልብስ ሱቅ ተቀጥራ ትውላለች። ምግብ የምትሠራው በስልክ ነው። ስልኩን ግድግዳ ታስደግፈዋለች፤ ከውስጡ ጥፍሯን የተቀባች ሴትዮ ብቅ ብላ «ቀላልና ጣፋጭ የጾም ምስር ወጥ፣ ለቤተሰብም ለእንግዳም» እያለች ታሳያታለች። መጀመሪያ ስቄባት ነበር። ወጥን የሚያህል ነገር ከስልክ ይማሩታል ወይ? በኋላ አንድ ቀን አቀመሰችኝ፤ ምን ልዋሽ፣ ከእኔ ይሻላል። ሽንኩርቷን ሳትቸኩል ታቁላላለች፣ ምስሩን ለብቻው ቀቅላ ትጨምራለች፣ ነጭ ሽንኩርቱን ወደ መጨረሻው ታደርገዋለች። ጎመኗ በስሎም አረንጓዴ ነው። አንድ ነገር ብቻ ስልኩ አይነግራትም። ጨው ላይ ሲደርስ ሴትዮዋ «እየቀመሳችሁ፣ እንደሚስማማችሁ» ብላ ታልፋለች። አትጾምም ማለት ነው።

በነሐሴ፣ በፍልሰታ መካከል፣ የሚካኤል ማኅበር ተራ ለሰላም ደረሳት። የመጀመሪያዋ ነው። ማኅበርተኛው ከቅዳሴ ወጥቶ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይገባል፤ ተርቦ፣ በርዶት፣ ዝናብ አበስብሶት። የተራበ ሰው ያገኘውን ይበላል ብላችሁ እንዳትታለሉ። መብላቱን ይበላል፣ ግን ወጡ እንዴት ነበር የምትለዋን ነገር ይዟት ይሄዳል፤ ከሚካኤል እስከ ሚካኤልም ይመገባታል።

ለዚህ ቀን ብለው አማቷ እማማ ጸዳለ በዋዜማው ከአንኮበር መጡ። የቄስ ሚስት ናቸው፤ ባላቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ይኖራሉ። ለሰንበቴ ወጥ ሲሠሩ ነው ያረጁት፤ በጾምም በፍስክም ወጥ ቀምሰው አያውቁም ይባላል። በአፍንጫቸው ነው የሚያውቁት። ነጠላቸውን ወደ ኋላ ጣል አድርገው ድስቱ ላይ ያጎነብሳሉ፣ ሁለት ጊዜ ይስባሉ፣ ከዚያ እንደ ዳኛ ቀና ብለው ይፈርዳሉ።

ከመኪና ሲወርዱ የያዙት ዕቃ አላማረኝም። ለሁለት ቀን የመጣ ሰው ሁለት ብርድ ልብስ ምን ያደርግለታል? በማግሥቱ ጠዋት ለሰላም ሳይሸፋፍኑ ነገሯት። «እንግዲህ ልጄ፣ ዛሬ እሳት ላይ የተጣደው የልጄ ስም ነው። ከሆነልሽ እሰየው። ካፈርን ግን ወደ አንኮበር አልመለስም፤ እዚሁ ተቀምጬ ወጥ ቤቱን እኔ እይዘዋለሁ» አሏት። ቤታቸው ሁለት ክፍል ናት። ሰላም ሽንኩርት እየላጠች ስለነበር አልቅሳለች ብሎ ማንም ሊመሰክርባት አይችልም።

እኔም አዘንኩ። ለእሷ ብቻ ነው ያዘንኩት ብል ግን ውሸት ይሆንብኛል። እማማ ጸዳለ አጥሬ ሥር ከሰፈሩ፣ በሰፈሩ ውስጥ ከእኔ ሌላ ንቁ ዐይን ሊኖር ነው። እኔ ደግሞ በሥራዬ ላይ ረዳት ፈልጌ አላውቅም።

ለማገዝ ብዬ ገባሁ። አምስት ሰዓት ገደማ ክክ አልጫው ወጥቷል፣ ጎመኑ ወርዷል፣ አዚፋው ሰናፍጩ ተጨምሮበት ተከድኗል። የቀረው ትልቁ ድስት፣ ምስር ወጡ ነው። ሰላም ጨው ጨመረችበትና ቆም ብላ አየችኝ። እኔም አየኋት። ሁለታችንም ጾመኞች ነን፤ ቢያንስ በወሬ። ከዚያ እሷ ጠላ ልታጠልል ወጣች፣ እማማ ጸዳለ ጸሎታቸውን ሊያደርሱ ጓዳ ገቡ።

እኔና ድስቱ ብቻችንን ቀረን። በማማሰያው ጫፍ መዳፌ ላይ ጠብ አደረግሁና ላስኩ። ልክ ነበር። አንዲት ቅንጣት የማይጨመርበት፣ አንዲት ቅንጣት የማይቀነስበት። መዳፌን በነጠላዬ ውስጠኛው በኩል ጠርጌ፣ ዳዊት እንደምትደግም ሴት ተሰብስቤ ተቀመጥኩ።

እማማ ጸዳለ መጡ። አጎነበሱ፣ ሁለት ጊዜ ሳቡ፣ ቀና አሉ። «ጨው አንሶታል» አሉ።

«ያለው ይመስለኛል» አልኩ።

«በምን አወቅሽ?»

በምን እንዳወቅሁ እንዴት ልንገራቸው? «እንዲያው ቀለሙን ሳየው» አልኩ።

«ጨው ቀለም የለውም፣ ብዙነሽ» አሉኝና ከጨው ዕቃው አንድ እፍኝ ዝቀው በተኑበት። ቁንጥር አላልኳችሁም፣ እፍኝ ነው ያልኳችሁ። እጃቸውን ልይዝ ብድግ አልኩ፤ ምን ብዬ እንደምይዝ ሲጠፋኝ የብርጭቆ ማስቀመጫ እንደፈለገ ሰው ዞሬ ተመለስኩ።

እሳቸው ዞር ሲሉ ደግሜ ላስኩ። ምላሴ ተኮማተረ። ከብት የሚልሰው አሞሌ ከዚህ ይለዝባል።

አሁን ፍረዱኝ። ዝም ካልኩ ሠላሳ ሰው ከቅዳሴ ወጥቶ ጨው ሊበላ ነው። ጨዉን የጨመሩት እማማ ጸዳለ ቢሆኑም ድስቱ የሰላም ነው፤ ሐሜቱም ለሰላም ነው፤ አማቷም እዚሁ ቀሩ ማለት ነው። ከተናገርኩ ደግሞ «በምን አወቅሽ» የምትለዋ ጥያቄ አለች፤ እሷን ከመለስኩ ስንት ዓመት የገነባሁት ስሜ አለቀለት።

በጎን ልሞክር ብዬ «እንግዳው ቢበዛስ፣ ድንች ቢጤ ብንጨምርበት» አልኩ። «የማኅበር ምስር ላይ ድንች? ችግረኛ መሰልንሽ?» አሉ። «እንግዲያው ውኃ ጠብ ይደረግበት፣ ወፍሯል» አልኩ። «ሊጠጡት ነው?» አሉ። ሰላም ስትገባ ወደ እሷ ዞሬ፣ ያ ስልክሽ ምስር ላይ ድንች ይገባል አይልም ወይ ብዬ በዐይኔ ለመንኳት። «አይልም፣ እትዬ ብዙነሽ» አለች። ልጅቷ መዋሸት አልፈጠረባትም፤ ምናለ ስልኩ ይህንንም ባስተማራት።

ሰባት ሰዓት አለፈ። ቅዳሴው በድምፅ ማጉያው እየመጣ ነው። ሰላም ቀሚሷን ልትቀይር ስትሄድ አጠገቤ ቆም ብላ፣ ቀስ ብላ፣ «እትዬ ብዙነሽ፣ ዛሬ ካለፈልኝ እኮ» አለችና ሳትጨርሰው ገባች። የጎዳኝ እሱ ነው። ብትጨርሰው ኖሮ ምናልባት ዝም እል ነበር።

«እማማ፣ ወጡ ጨው በዝቶበታል» አልኩ።

«በምን አወቅሽ?»

«ቀምሼው።»

ማማሰያው እጃቸው ላይ ቆመ። «መቼ?»

«እርስዎ ሳይጨምሩ በፊት። ያኔ ልክ ነበር።»

«የበዛውን ታዲያ መቼ አወቅሽ?»

«ከጨመሩ በኋላም ቀምሻለሁ።»

«ሁለት ጊዜ» አሉ።

«ሁለት ጊዜ» አልኩ። የበሶውን ነገር አላነሳሁም። ሁሉን በአንድ ቀን መናዘዝ ለጨጓራም ጥሩ አይደለም።

የቄስ ሚስት ናቸውና ተግሣጽ እየጠበቅሁ አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው ግን ወደ ጨው ዕቃው ሄዱ። ቆንጥረው በሁለት ጣታቸው አሹት። «ይሄ ዱቄት ነው» አሉ። አንኮበር ቤታቸው ያለው ከአሊዩ አምባ ገበያ የሚያመጡት ሸካራ ጨው ነው፤ አንድ እፍኙ መሐል ለመሐል ክፍት ነው። የሰላም የላስቲክ ጨው ደግሞ እፍኝ ውስጥ ጥቅጥቅ ብሎ ይሞላል። እጃቸው በሰው ቤት ጨው ተታልሎ ነው እንበል። ስለ አፍንጫቸው የጠየቀኝ ስለሌለ አልናገርም።

ወደ ጓዳው ተጣሩ። «ሰላም፣ ቀሚሱን ተይውና ድንች ላጪ።»

ከዚያ ያለውን ሩጫ ምን ልንገራችሁ። ግማሹ ወጥ ወደ ሌላ ድስት ተገለበጠ። ጨው ያልነካው ምስር ተቀቀለ። ሰላም ድንቹን ቶሎ እንዲበስል ደቀቅ ደቀቅ አድርጋ ከተፈችው፤ ሽንኩርትና በርበሬ ለብቻው አቁላልታ ደረበችበት። በየመሐሉ እማማ ጸዳለ ማማሰያውን ወደ እኔ ይዘረጋሉ። «ቅመሺ» ይላሉ። «ገና ነው» እላለሁ። «አሁንስ?» «ትንሽ ቀርቶታል።» «አሁንስ?» በቄስ ሚስት ፊት፣ በቀን ብርሃን፣ ቅዳሴ እየተሰማ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ ወጡ ልክ ገባ፤ እኔም ምሳዬን በጠብታ ጨርሼ ነበር።

እንግዳው ገባ፣ ጸሎት ደረሰ፣ ማዕዱ ቀረበ። መጀመሪያ ጸጥታ ሆነ፤ ደግ ዓይነቱ፣ ሁሉም አፉ ሞልቶ የሚሆነው። ቀጥሎ ከዚህኛውም ከዚያኛውም ትሪ ወጥ ጨምሩልን ተባለ። አንዲቷ ድንቹን እያነሳች «ይሄ ምን የሚሉት ዘዴ ነው፣ ለልጆቼም እሠራዋለሁ» አለች። እማማ ጸዳለ ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ ማንም እንዲጠረጥር አላደረጉም፤ እኔም ልቤ ተመለሰ። ያን ጊዜ አልማዝ፣ «ግን ሰላምዬ፣ በጾም አንጀትሽ ጨዉን እንዴት አድርገሽ ልክ አመጣሽው?» ብላ ጠየቀች።

ሰላም ፊቷ በምስጋና በርቶ፣ ምንም ክፋት ሳታስብ፣ «እትዬ ብዙነሽ ናቸው እንጂ። ከጠዋት ጀምረው እየቀመሱ ያወጡኝ እሳቸው ናቸው» አለች።

የሠላሳ ሰው መንጋጋ ቆመ። አልማዝ አየችኝ። ከዚያ ቀስ ብላ ትልቅ ጉርሻ ጠቀለለችና ወደ አፌ ዘረጋች። «እንኪ፣ ብዙነሽ፣ ብዪ እንጂ» አለች በትሕትና፣ «ወይስ ጠግበሻል?»

አልተቀየምኳትም። ደህና አድርጋ ያበሰለቻት ጥያቄ ነበረች።

በነጋታው እማማ ጸዳለ ብርድ ልብሶቻቸውን ጠቅልለው ወደ አንኮበር ተሳፈሩ። ሰላም እስከ መናኸሪያው ሸኘቻቸው፤ ስትመለስ እየዘፈነች ነበር፣ በፍልሰታ ነው እኮ፣ ቢሆንም ለማንም አልተናገርኩም። እኔ ራሴ አንድ ሳምንት ከቤት አልወጣሁም። በሳምንቱ፣ እሮብ ቀን፣ አልማዝ በሬን አንኳኳች። ለመሳለቅ መጣች ብዬ ስከፍት፣ ለእናቷ መታሰቢያ ሽሮ ሠርታ ጨዉ ልቧን አላሳርፍ ብሏት ነው። «አንቺ እንደሆነ ስምሽ አንዴ ወጥቷል፤ ነይ ቅመሺልኝ» አለችኝ። ስኳሩ እያለብሽ አንቺው አትቀምሺም ወይ ብላት፣ ያን ካወራሽብኝ ወዲህ መጾም ጀምሬያለሁ አለችኝ። ሄጄ ቀመስኩላት፤ እሷንም እዚያው ቁራሽ አጉርሼያት መጣሁ።

ከዚያ ወዲህ እሮብና ዓርብ ዕረፍት የለኝም። ማኅበር ያላት ትጠራኛለች፣ ዝክር ያላት ትጠራኛለች። ሰፈሩ ውስጥ የማልገባበት ወጥ ቤት የለም። የማን ዘይት እንደቀጠነ፣ የማን በርበሬ ቀይ ሥር እንደበዛው፣ የማን ሽሮ የራሷ ምጥን እንዳልሆነ አውቃለሁ። በአጥር ቀዳዳ ስንት ዓመት ስፈልገው የኖርኩትን አሁን በማንኪያ ያቀርቡልኛል።

የነቢያት ጾም ሲገባ ሐኪሙ ጨጓራሽ ድኗል፣ ክኒኑ ይቅር አለኝ። የነፍስ አባቴም እንግዲህ እንደ ሰው ጹሚ አሉኝ። ደስ ብሎኝ፣ ከልቤ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ልጾም ቆርጬ ተነሳሁ። በዚያው ሳምንት እማማ ጸዳለ ከአንኮበር ደወሉ። ዓርብ የእሳቸው ተራ ነው፤ በጠዋቱ መኪና እንድመጣላቸው ፈልገዋል። «ስትመጪ ግን ቁርስ የሚባል ነገር በአፍሽ እንዳይዞር» አሉኝ። ልቤ ሞላ። አንድ ሰው እንኳ፣ ያውም የቄስ ሚስት፣ ጾመኛነቴን ሊያምንልኝ ነው ብዬ፣ «እሺ እማማ፣ ከአሁን ወዲያማ እየጾምኩ ነው» አልኳቸው።

«ምን ጾም አመጣሽብኝ ደግሞ» አሉ፣ «አምስት ድስት ነው የምጥደው፤ ሆድሽን ባዶ አድርገሽ ነይልኝ።»