ደጃዝማች ሚስማር

በየሰፈሩ፣ ጤነኛ ቤት አይቶ በሽታ የሚያገኝበት አንድ ሰው አይጠፋም። ሌላው እንግዳ ሲገባ «እንደምን ዋላችሁ» ይላል፤ እሱ ግን ከሰላምታው በፊት ቀና ብሎ ጣራውን ያያል። የዚህ ዓይነቱ ሰው አውራ የኖረው ባሕር ዳር፣ እኛ ሰፈር ነበር።

አቶ መርስዔ ኀዘን ይባላሉ። በፋብሪካ የጥገና ክፍል ሃያ ዓመት የሠሩ፣ ቀጭን፣ ከኮታቸው ኪስ መዶሻ የማይጠፋ ሰው ነበሩ። የድሮው ማዕረግ ሁሉ በአብዮቱ ቢሻርም እኛ በሹክሹክታ «ደጃዝማች ሚስማር» ብለን ሾምናቸው። ግንቦት ተጋምሶ በጣና ላይ ጥቁር ደመና ብቅ ሲል፣ መሰላላቸውን ተሸክመው ቤት ለቤት ይዞራሉ። ግድግዳውን በጣታቸው አንጓ ቆርቆር አድርገው ጆሯቸውን ይለጥፉበታል። ከዚያ ፍርዱ ይወርዳል፦ «ዛሬ በሚስማር፣ ነገ በቆርቆሮ!» ዛሬ በአንድ ሚስማር ያልያዝኸው ጣራ ነገ ሙሉ ቆርቆሮ ያስገዛሃል ማለታቸው ነው። ቆርቆሮ ደግሞ በዚያ ዘመን እንኳን ሊገዛ፣ ወረፋው ራሱ ወረፋ ነበረው።

ለቅሶ ቤት እንኳ አይተዉም። «እግዜር ያጥናችሁ» ካሉ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አሸንዳችሁን ቅጠል ሞልቶታል» ይላሉ።

የማይረሳኝ ግን የቀበሌው ስብሰባ ነው። ሊቀመንበሩ ስለ ምርት ዘመቻ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተናግሮ ሲያበቃ «ጥያቄ ያለው?» አለ። በዚያ ዘመን ጥያቄ ያለው ሰው አይገኝም። አቶ መርስዔ ኀዘን እጃቸውን አወጡ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ የተደገፉትን ምሰሶ ውስጡን ምስጥ ጨርሶታል። ዛሬ ነገ ሳይል ይወድቃል።»

አዳራሹ ትንፋሹን ዋጠ። ከዚህ ባነሰ ቃል ሰው ይታሰር ነበርና እኔ የጫማዬን ክር ማየት ጀመርሁ። ሊቀመንበሩ ግንባሩን ጠረገ።

«ምን ማለትዎ ነው፣ ጓድ?»

«እንጨቱን ነው የምልዎ» አሉና ተራምደው ሄደው ምሰሶውን በሚስማር ወጉት። ሚስማሩ እስከ አናቱ ገባ፤ ብናኝ ፈሰሰ። ሊቀመንበሩ ወንበሩን ይዞ ፈቀቅ አለ። እኛም ተነፈስን።

በ1975 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ተራው የእኔ ቤት ሆነ። የማዕዘኑን ቋሚ ወጉና «መምህር፣ ይህ ክረምቱን አይሻገርም፤ ለውጠው» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ቤቱ የቀበሌ ነው። ማመልከቻ አስገብቻለሁ።»

«ጣራው ሲወድቅ ማመልከቻው ላይ አይደለም የሚወድቀው።»

ሳቅሁ። ባለቤቴ የሺመቤት የአራት ወር ልጃችንን ታቅፋ ነበር፤ እሷ አልሳቀችም። ሰኔ ላይ ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከሐይቁ ማዶ ይፋግ ተመደብሁና ቋሚውን እንዳለ ትቼው ሄድሁ።

በሐምሌ አጋማሽ፣ ከሐይቁ የተነሣ ነፋስ ባሕር ዳርን መታት፣ ቤት አፈረሰ የሚል ወሬ ይፋግ ደረሰ። ሰሌዳው ላይ ፊደል እየጻፍሁ የሚታየኝ ያ ቋሚ ብቻ ሆነ። ፈቃድ ለምኜ፣ በእህል መኪና ጆንያ ላይ ተቀምጬ መጣሁ። ከእኛ ሦስት ቤት ቀደም ብሎ ያለው ጎጆ ግድግዳው ተደርምሶ፣ ጣራው አጥሩ ላይ ተንጋሏል።

የእኔ ቤት ግን ቆሟል። የሺመቤትም ልጁን አቅፋ በሩ ላይ ቆማለች።

«እንዴት ተረፋችሁ?» አልኋት።

«አንተ በሄድህ በሦስተኛው ቀን ጋሼ መርስዔ የባሕር ዛፍ ግንድ ተሸክመው መጡ። እግሩን ምስጥ እንዳይበላው የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀብተው ተከሉት። ‹ለመምህር እንዳትነግሪው፤ እሱ ማመልከቻውን ይጠብቅ› ነው ያሉኝ።»

ሮጬ ሄድሁ። ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ብል ብብቴን ይዘው አነሡኝ። «ተነሣ፣ ተነሣ! ለሕፃኑ ብዬ ነው። ይልቅ ቦይህን ጥረግ» አሉኝ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ባለቤታቸው ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ በአጭር ሕመም ዐረፉ። ግንቦት ገባ፤ ተጋመሰ፤ መሰላሉ ካለበት አልተነሣም። ጢማቸው አድጎ፣ በራቸው ላይ በርጩማ አውጥተው ዝም ብለው ይቀመጣሉ። አንድ ቀን አጠገባቸው ሄጄ ተቀመጥሁ።

«የሰፈሩን ግድግዳ ሁሉ ሳዳምጥ ኖሬ» አሉ ወደ እኔ ሳይዞሩ፣ «የእሷን ሳል አልሰማሁትም።»

ቤቴ ገባሁና ካቻቪቴ ፈልጌ የበሩን ማጠፊያ ሦስት ብሎኖች አላላሁ። በሩ ተንጋደደ። የሺመቤት አየችኝ፤ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ከእሳቸው ደጅ ስትደርስ ድምፅዋ ይሰማኛል፦ «ጋሼ፣ በራችን አልዘጋ ብሎናል። እሱ እንደሆነ አንድ ነገር አያውቅበት!»

ቀስ እያሉ መጡ። ተንበርክከው ማጠፊያውን አዩት፤ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

«ይህ በራሱ የላላ አይደለም» አሉ። «ጭረቱ የዛሬ ነው።»

ወለሉን ወለሉን አየሁ። እሳቸው ሦስቱንም ብሎኖች አጠበቁ፤ በሩን ከፈት ዘጋ፣ ከፈት ዘጋ አደረጉና ወጡ። ደጃፉ ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ።

«መስኮቱስ መቼ ነው የሚበላሽ?»

«ነገ፣ ጋሼ። ከሰዓት በኋላ።»

«እንግዲያው ስትፈታው እንጨቱን እንዳታቆስለው» አሉ። «እመጣለሁ።»