ስም የማይጻፍበት ቅጽ

[መሥሪያ ቤቱ የስልክ መተግበሪያ ይሠራል። በአንድ ዓመት ከአሥራ ሁለት ሰው ወደ ሦስት መቶ አድጓል፤ ጠረጴዛው ግን አብሮ አላደገም። ስለዚህ ሊቁና ገራገር የሚሠሩት ለሠራተኛ መዝናኛ ተብሎ በተገዛው የቴኒስ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ መረቡ መሃላቸው እንደተወጠረ። ሊቁ ሁለት ዓመት ስለቆየ እዚህ ቤት እንደ ሽማግሌ ይቆጠራል፤ ቢያንስ ራሱ ይቆጥራል። ሚስቱ ልትወልድ ቀኗ ገብቷል። ሦስት ጊዜ ፈቃድ ጠይቆ ሦስቴም «ቤተሰብ አይደለን እንዴ? ትንሽ ታገሠን» ተብሏል። ምስኪን!]

ሊቁ፦ ክርንህን ሰብስብ! ከመረቡ ወዲህ የኔ ነው።

ገራገር፦ የማውሱ ገመድ አጥሮኝ ነው፣ ወንድሜ።

ሊቁ፦ እሱን ተወውና፣ ቅጹን ሞላህ?

ገራገር፦ የቱን?

ሊቁ፦ ኧረ በፈጠረህ! ጠዋት የታደለውን ነዋ! «ስለ መሥሪያ ቤታችን የሚሰማችሁን በነፃነት ጻፉ፤ ስም አይጻፍም» የሚለውን።

ገራገር፦ እ፣ እሱንማ ሞልቼ ሳጥኑ ውስጥ ከተትኩት።

ሊቁ፦ [እየፈራ] ምን ብለህ?

ገራገር፦ «ደክሞኛል» ብዬ።

ሊቁ፦ ብቻ?

ገራገር፦ «ሦስት ቅዳሜ በተከታታይ ሠራሁ፤ ወንበሬም መሽከርከር እንጂ ወገብ መደገፍ አያውቅም» ብዬ ጨመርኩበት።

ሊቁ፦ አለቀልህ! አንተ ሰውዬ ጤና የለህም? ጻፉ ሲሉህ አመስግኑ ማለታቸው ነው!

ገራገር፦ ታዲያ ለምን አመስግኑ አይሉም?

ሊቁ፦ ያፍራሉዋ! ትልቅ ድርጅት እኮ ነው።

ገራገር፦ አንተስ ምን ጻፍክ?

ሊቁ፦ [ተመቻችቶ እየተቀመጠ] እኔማ «ሥራዬ እረፍቴ ነው። ፈቃድ ብትሰጡኝ እንኳ በሁለተኛው ቀን ናፍቆኝ እመለሳለሁ» አልኩ።

ገራገር፦ አንተ ፈቃድ አይደል እንዴ የምትፈልገው?

ሊቁ፦ ወይ አለማወቅ! ስትለምናቸው ይነፍጉሃል፤ አልፈልግም ስትል አንጀታቸውን ትበላዋለህ። «ይሄ ልጅማ ይረፍ እንጂ!» ይላሉ።

ገራገር፦ ስም ካልተጻፈ ግን አንተ መሆንህን በምን ያውቃሉ?

ሊቁ፦ [ድምፁን ዝቅ አድርጎ] ጽፌያለሁ።

ገራገር፦ ስም አይጻፍም በሚለው ወረቀት ላይ?

ሊቁ፦ ከነአባቴ! ከነስልክ ቁጥሬ! እንዲህ ያለ ምስጋና ባለቤት አጥቶ ይቅር እንዴ?

[ከሥራ አስኪያጇ መልእክት ይደርሳል። ሊቁ እጁን እያፋተገ ጮክ ብሎ ያነባል።]

ሊቁ፦ «ውድ ቤተሰቦች፣ ቅጾቹን አንብበን በጣም አዝነናል። ደክሞኛል ያለ ሰው አለ።» በል ጉድህ ፈላ!

ገራገር፦ ቀጥል እስቲ።

ሊቁ፦ «ማን እንደሆነ አናውቅም፤ ቃል ስለገባንም አንጠይቅም። ስለዚህ ደክሞኛል የሚል ሁሉ ከነገ ጀምሮ... [ድምፁ ይሰልላል] ...የሁለት ሳምንት እረፍት ይውጣ።»

ገራገር፦ ተመስገን! በል አንተም ደክሞኛል በላ። ማን ያውቅብሃል?

ሊቁ፦ እውነትህን ነው እኮ! [ብድግ ይላል። የቀረውን መስመር ያያል። ቀስ ብሎ ይቀመጣል።]

ገራገር፦ ምን ሆንክ?

ሊቁ፦ «የሚወጡትን ሁሉ ሥራና ስብሰባ የሚሸፍንልን፣ ከሦስት መቶ ሰው መሃል ብቻውን ስሙን በኩራት የጻፈው ወንድማችን ነው። እረፍት እንደማይፈልግ ስለነገረን ቅዳሜና እሁድም ደውሉለት። ስልክ ቁጥሩ ከታች አለ።»

ገራገር፦ ውይ!

ሊቁ፦ ሚስቴስ? ዛሬ ነገ ናት እኮ! እኔ እዚህ ተቀምጬ ምጥ ቢይዛት ማን አላት? [እንባው ይመጣል።]

ገራገር፦ [ቦርሳውን እያነገተ] ለሷ ደግሞ ታስባለህ? ከነገ ጀምሮ እኔ ሥራ ፈት አይደለሁ እንዴ! ሐኪም ቤት አደርሳታለሁ፣ እስክትወልድም በር ላይ ቁጭ እላለሁ። አንተ ብቻ አንድ ነገር ንገረኝ፤ ወንድ ይሁን ሴት ደውዬ የማበስርህ ከስብሰባ በፊት ነው ወይስ በኋላ?