አረፈች ማለት

አማርኛ ሞትን ፊት ለፊት መጥራት አይወድም። ንጉሥ ያርፋል፤ ጳጳስ ያርፋሉ፤ ጎረቤት ከዚህ ዓለም ይለያል። «ሞተ» የምትለውን ቃል ዳላስ ከገባን ወዲህ ያስቀመጥናት ለመኪና ባትሪ ነው። እዚህ በነሐሴ ሙቀት ባትሪ ይሞታል፣ ሰው ግን ያርፋል። እንዲህ ያለ ጨዋነት ደስ ይላል። ልጅ እስክታሳድጉ ድረስ።

ባለቤቴ ሂሩት ያረፈችው በየካቲት ነው። ልጃችን ሊያ ያኔ አምስት ዓመቷ ነበር። ለአዋቂ መርዶ እንዴት እንደሚነገር እናውቃለን፤ ሰው ይሰበሰባል፣ ጎህ ሳይቀድ በር ይንኳኳል፣ ሽማግሌ ይናገራል። የአምስት ዓመት ልጅን በር ግን ማን ያንኳኳል? ጨነቀኝና ጎረቤታችንን እትዬ በላይነሽን ጠየቅኋቸው።

«አረፈች በላት፣ ልጄ» አሉኝ። «ያንን ክፉ ቃል በሕፃን ጆሮ አታግባው።»

እንዳሉኝ አደረግኩ። ሊያ «ኦኬ» አለች። አላለቀሰችም። ጠንካራ ልጅ አለችኝ ብዬ ኮራሁ። ሞኝ ባያፍር የሞኝ ዘመድ ያፍር ይባላል፤ የእኔ ዘመዶች ሩቅ በመሆናቸው ያፈረልኝ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ግን ልጅቷ አንድ ቦታ መቀመጥ እምቢ አለች። እራት ላይ ሦስት ጊዜ ተነሥታ በመስኮት ታያለች። «አርፈሽ ተቀመጪ!» እላለሁ። እኔስ ብትሉ? ስገባ ለመውጣት፣ ስወጣ ለመግባት የምቸኩል ሰው ሆኛለሁ። እንዲህ ሁለት የማያርፉ ሰዎች ሆነን ነው በጥቅምት አንድ ቅዳሜ ማታ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ እዚሁ ኤርፖርቱ አጠገብ ዩለስ ሰፈራችን ፓርክ ውስጥ የተተከለውን የጨዋታ ባዛር፣ ፌሩን፣ ልናይ የሄድነው።

የእንጨት ፈረስ ላይ አስቀመጥኳት፤ ዙሩ ሳያልቅ «በቃ» አለች። ኮርን ዶግ፣ በእንጨት የተሰካ ጥብስ ቋሊማ፣ ገዛሁላት፤ አንዴ ነክሳ እኔው እንድይዘው ሰጠችኝ። በአንድ እጄ ኮርን ዶግ፣ በሌላው ልጅ ይዤ ከድንኳን ድንኳን ተጎተትኩ።

«ምንድን ነው የምትፈልጊው?»

«ሃይ! በጣም፣ በጣም ሃይ!» ጣቷን ወደ ላይ፣ ወንበር አንጠልጥሎ ወደሚሽከረከረው ፌሪስ ዊል ቀሰረች።

ተሰለፍን። ባለ ትልቅ ባርኔጣው ሰውዬ ወንበሩን እየከፈተ «ሁለታችሁ ብቻ ናችሁ?» አለኝ። ሁለታችን ብቻ ነን አልኩት። ይህን መልስ ገና አለመድኩትም።

ከታች ሰው ሊጭን ብሎ እኛን ጫፍ ላይ አቆመን። የኤርፖርቱ መብራት በርቷል። አውሮፕላኖቹ እንደ መቁጠሪያ ፍሬ ተከታትለው ይወርዳሉ። ሊያ ብድግ ስትል ቀሚሷን ለቀም አደረግኩ።

«ዳዲ፣ የቷ ናት?»

«ምኗ?»

«የእማዬ አውሮፕላን። አረፈች አልክ እኮ!»

እዚህ ላይ ሥራዬን መንገር አለብኝ። የኤርፖርት ቫን እነዳለሁ። እኛ ሾፌሮች አውሮፕላንን እንደ ሴት ነው የምንጠራት። ቤት ስልክ ይደወላል፤ እኔ «አረፈች? ኦኬ፣ ፒክ አደርጋለሁ» ብዬ ቁልፌን አነሣለሁ። ሊያ ቃሉን የተማረችው ከዚያ ነው። አረፈች ማለት፣ ደርሳለች፤ ሂድና አምጣት።

«ሁልጊዜ አረፈች ስትል ትሄዳለህ» አለች። «እማዬን ግን ፒክ አላደረግክም። ረሳሃት?» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ለማንም አልተናገርኩም።»

ስምንት ወር ሙሉ ጥፋቴን ደብቃልኛለች።

ወንበሩ በንፋስ ይወዛወዛል። መውረጃ የለም። ያን ቃል ሐኪሙ በእንግሊዝኛ ነግሮኛል፤ እኔ ግን በአማርኛ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም።

«ሊያ፣ እማዬ ሞተች።»

አየችኝ። «እንደ ባትሪ?»

«እንደ ባትሪ። ግን ጃምፕ አድርጎ ማስነሣት አይቻልም።»

ወደ አውሮፕላኖቹ ዞረች። አንድ አውሮፕላን ወረደ፤ ሌላ ተከተለ።

«ሶ፣ አልረሳሃትም?»

«አልረሳኋትም።»

ያኔ አለቀሰች። እኔም ተከተልኳት። ቀዝቃዛው ኮርን ዶግ አሁንም በእጄ ነው። ወንበራችን መሬት ሲደርስ ባለባርኔጣው አየንና በሩን ሊከፍት የዘረጋውን እጁን ሰበሰበ፤ አንድ ዙር ጨመረልን። በዚያኛው ዙር ሊያ ብድግ አላለችም። ክንዴን ይዛ፣ ፊቷን ደረቴ ላይ አድርጋ ዞረች።

ቤት ስንገባ ስልኩ ይጮኻል። እትዬ በላይነሽ ናቸው።

«እንዴት ዋላችሁ? ያቺ እረፍት የለሽስ?»

ሊያ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ተዘርግታለች። ከየካቲት ወዲህ እንዲህ ስትሆን አላየኋትም። «አረፈች» ልል አፌን ከፈትኩ።

ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት።

«ተኝታለች፣ እትዬ» አልኳቸው።