ሰው ሁሉ የሚያጉተመትምባቸው ሐጂ

በየሰፈሩ ጆሮው ደክሞ ሳለ ጥፋቱን በሰው አፍ ላይ የሚያላክክ አንድ ሽማግሌ አይጠፋም። የእኛ የኮልፌዎቹ ክቡር ሐጂ ከሊፋ ናቸው። "ዘንድሮ ሰው ሁሉ ያጉተመትማል" ይላሉ። ባለሱቁ ያጉተመትማል፤ የልጅ ልጆቻቸው ቀጭን ድምፅማ ጭራሽ ንግግር አይባልም። ሬዲዮውም ያጉተመትማል። ጃንሆይ ሲናገሩ ብቻ እንዲህ አይሉም፤ ጎንበስ ብለው ያዳምጡና ምን እንደተባለ እኛን ይጠይቁናል። ጮክ ብለን ስንነግራቸው ደግሞ "ምን ያስጮህሃል? ደንቆሮ መሰልኩህ?" ብለው ይቆጣሉ።

ባለቤታቸው ወይዘሮ አልፊያ መላ አበጅተዋል፤ ትከሻቸውን ነካ አድርገው፣ ፊት ለፊት ቆመው ይናገራሉ። ችግሩ ሰው የተሰበሰበበት ቦታ ነው። እዚያ ሐጂ ድምፅ እንጂ ቃል አይደርሳቸውም። ሰው ሲስቅ ትንሽ ዘግይተው ይስቃሉ፤ ለቀረው ሁሉ "እውነትህን ነው" ይላሉ። አንድ ሰርግ ላይ አጠገባቸው ለተቀመጠው ሰውዬ በዚሁ ቃል ሲመልሱለት ውለው፣ በማግስቱ ሰውዬው ቃል የተገባለትን በቅሎ ሊዋስ በራቸው ላይ ቆመ። አዋሱት። አልሰማሁም ከማለት በቅሎዋ ብትሄድ ይሻላቸዋል።

እንግዲህ ሰይፈዲንንና ሃጂራን ሊያስታርቁ የተቀመጡት እኚህ ሰው ናቸው። ጨርቅ ነጋዴው ሰይፈዲን ሚስቱ የምትሠራበትን የስፌት መኪና፣ ሳይጠይቃት፣ ወደ ሱቁ አስጭኖ ወሰደባት። ሃጂራ ሻንጣዋን ሸክፋ ፍታኝ አለች። ሌሎች ሽማግሌዎች ሞክረው ነበር፤ እኔም አብሬ ነበርኩ። ሁሉም እኩል ሲጮህ ውሎ በባሰ ጠብ ተለያየን።

ሐጂ መሃል ሲቀመጡ ግን ሕጉ ሌላ ሆነ። የሚናገረው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ፊቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዞራል፣ ቀስ ይላል። ሃጂራ በአንድ ትንፋሽ ሰይፈዲንን ከነዘር ማንዘሩ ሰደበችው።

"አታጉተምትሚ ልጄ፤ እስቲ እንደገና።"

ስትደግመው ዘር ማንዘሩ ቀረ። ስድብን ቀስ ብሎ መድገም ያደክማል። እንደገና ሲያስደግሟት እንዲህ ብቻ አለች፦ "ቢጠይቀኝ እሰጠው ነበር።"

ሰይፈዲን ዝም ማለት ግዴታው ስለነበር ሰማት። የእሱ ተራ ሲደርስ "የቤቱ አባወራ እኔ" ብሎ ጀመረ። ሐጂ አስደገሙት፤ ደግመው አስደገሙት።

"እምቢ እንዳትለኝ ፈርቼ ነው" አለ ወለሉን እያየ።

"ቀና በልና ተናገር።"

ቀና አለና ሃጂራን እያየ ደገመው። መኪናው ያንኑ ቀን ወደ ቤቷ ተመለሰ፤ እሷም ሻንጣዋን ፈታች።

ሰይፈዲን ውለታ ሊመልስ፣ ለሐጂ ከውጭ አገር የጆሮ መሣሪያ ላስመጣ ነው አለ። ሃጂራ ከስፌቷ ቀና ሳትል "መጀመሪያ ጠይቃቸዋ" አለችው።

ጠየቃቸው፤ ወደ ብርሃኑ ዞሮ፣ ቀስ ብሎ። ሐጂ አሰብ አደረጉና "እኔ ምን ሆንኩና? ለሚያጉተመትሙት አስመጣላቸው" አሉት። እዚያው ነበርኩ፤ ደስ አለኝ። እስኪገባን ድረስ የሚያስደግመን ሌላ ሰው የለንማ።